የወንድሜ ሥራ

«ወንድምሽ ትምህርቱን ገና አልጨረሰም እንዴ?»

ይህን ጥያቄ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ተጠይቄአለሁ፤ በወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ተጠይቄአለሁ፤ አንድ ጊዜም ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንዲት ጎረቤታችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ጠይቀውኛል። መልሱ ባጭሩ የሚነገር ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ባላቀረብሁም ነበር። ክቡራን አንባቢያን፣ ረዘም ቢልባችሁ ይቅርታ እለምናለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ትምህርቱን ጨርሷል። ከዚሁ ከእኛ ትምህርት ቤት ወጥቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በአራት ኪሎ ግቢ፣ ሒሳብ አጠና፤ ዶክትሬቱን ደግሞ በስዊድን አገር ተቀበለ። ከካቻምና መስከረም ጀምሮ በጀርመን አገር በቦን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ ይሠራል። የሥራው ስም «ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ» ሲሆን ፈረንጆች አሳጥረው «ፖስትዶክ» ይሉታል። እንዲህ ያለው ሰው ተማሪ አይደለም፤ የሚፈትነው የለምና። ፕሮፌሰርም አይደለም፤ ወንበሩ የራሱ አይደለምና። ደመወዝና ጠረጴዛ ይሰጡታል፤ ሥራው ከዚህ በፊት ያልታወቀ ነገር ማግኘት ነው። ውሉ ግን ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። በሌላ ቦታ አንድ ዓመት ወይም ሦስት ዓመት የሚሆንበት አለ። ዘመኑ ሲያልቅ፣ ቢያጠፋም ባያጠፋም፣ ይሰናበታል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። በሳቸው ዘንድ ሥራ ማለት ቀጠሮ ያለው ነገር ነው። ጨርቅ ይመጣል፣ ይለካል፣ ይቈረጣል፣ ይሰፋል፤ ቅዳሜ ባለቤቱ መጥቶ ይወስዳል። (ቅዳሜ የተባለው አንዳንድ ጊዜ ማክሰኞ እንደሚሆን ደንበኞቻቸው ያውቃሉ፤ ይህን መጽሔት እንደሚያነቡ ስለማውቅ ግን በዚህ አበቃለሁ።) ወንድሜ ሲሄድ «ሁለት ዓመት ነው» ብሎ ነበር የሄደው። አባቴም ቀኑን ይቈጥሩ ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በመርፌ ቀዳዳ ክር የማስገባላቸው እኔ ነኝ። ሁለቱ ዓመት ሲፈጸም ልጃቸው ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በአንዱ እያስተማረ፣ በቅርባቸው እንዲሆን ይመኙ ነበር። ይህን ምኞታቸውን በግልጥ ተናግረውት አያውቁም፤ እኛ ግን ሁላችን እናውቀዋለን።

አምና በክረምት ወንድሜ ለሦስት ሳምንት መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ደንበኛ ሁሉ ከልክሎ ሳለ፣ አባቴ ከሱቁ ውስጥ ጠርተው «እስቲ የምትሠራውን ሥራ አሳየኝ» አሉት። ወንድሜ ጥቂት አሰበና የቁልፉን ቆርቆሮ አወረደ። ከመቍረጫው ጠረጴዛ ላይ 12 ቁልፍ ቈጥሮ አስቀመጠ።

«አባባ፣ እነዚህን በእኩል ረድፍ ይደርድሩልኝ» አለ።

አባቴ በ3 ረድፍ አራት አራት አድርገው ደረደሩ። እንደገናም በ2 ረድፍ ስድስት ስድስት አደረጓቸው። ወንድሜ አንድ ቁልፍ ጨመረና «አሁንስ?» አለ። አባቴ ሞከሩ። በሁለት ቢሉት አንድ ይተርፋል፤ በሦስት ቢሉት አንድ ይተርፋል፤ በአምስት ቢሉት ሦስት ይተርፋል። በመጨረሻ 13ቱንም በአንድ ረዥም መሥመር ደረደሩና «ይህስ እንቢተኛ ነው» አሉ።

እንዲህ ያለውን እንቢተኛ ቁጥር በመማሪያ መጽሐፋችን ብቸኛ ቁጥር እንለዋለን፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይሄዳል። ማለቂያ እንደሌላቸው የግሪኩ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ አስረድቷል። ከነዚህም መካከል በ2 ብቻ የሚለያዩ ጥንዶች አሉ፤ 11ና 13፣ 17ና 19፣ 29ና 31። መንታ ይባላሉ። መንታዎቹስ ማለቂያ አላቸው ወይስ የላቸውም? ይህን እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም።

አባቴ ሁሉን ካዳመጡ በኋላ «ታዲያ ይህን ስታስብ ደመወዝ ይከፈልሃል?» ብለው ጠየቁ።

«አዎን ይከፈለኛል።»

«የሚከፍልህ ማን ነው?»

«የጀርመን ሕዝብ ነው፤ ከግብሩ።»

አባቴ ዝናቡን እየተመለከቱ ዝም አሉ። ከዚያም «ደግ ሕዝብ ነው» አሉ።

ስለ ጥቅሙም ጠይቀውት ነበር። ወንድሜ በኢንተርኔት የሚላክ ምሥጢር ከሚቈለፍባቸው መንገዶች አንዱ በትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች የተሠራ መሆኑን ነገራቸው። ዳሩ ግን ወዲያው «የኔ ሥራ ይህ አይደለም፤ እኔ የማጠናው ስለ ቁጥሩ ስለ ራሱ ነው። ምናልባት ለምንም ላይጠቅም ይችላል» አለ። እኔ እዚያ ላይ ዝም ቢል በወደድሁ ነበር። እሱ ግን አባቴን ማታለል አይሆንለትም። ፒዩር ማቴማቲክስ የሚባለው ትምህርት እንዲህ ያለ ነው፤ ድልድይ ለመሥራት ወይም መድኃኒት ለመቀመም ተብሎ የሚጠና አይደለም።

በዚህ ጊዜ እውቀቴን ለማሳየት ቸኰልሁ። የዩክሊድን ማስረጃ አውቀዋለሁ አልሁና፣ ብቸኛ ቁጥሮችን ከ2 ጀምሮ በተራ አባዝተን 1 ብንጨምርበት ምንጊዜም አዲስ ብቸኛ ቁጥር እናገኛለን ብዬ አስረዳሁ። 2 ሲደመር 1፣ 3 ነው። 2 በ3 ተባዝቶ 1 ሲጨመር 7 ነው። እንዲሁ እያሉ 31፣ 211፣ 2,311 ይመጣል፤ ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ይህንኑ ነገር በ11ኛ ክፍል ሳለሁ ለጓደኞቼ በሰሌዳ ላይ አስረድቼ ነበርና የተቃወመኝ አልነበረም። (መምህራችን በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበሩ።)

ወንድሜ አልተቈጣም፤ «ቀጥይ፤ 13ንም ጨምሪበት» ብቻ አለኝ። በመጠቅለያ ወረቀት ላይ አባዝቼ 30,031 አገኘሁ። «ለ59 አካፍይው» አለኝ። አካፈልሁት። 509 ደረሰኝ፤ ምንም አልተረፈም። 30,031 ብቸኛ ቁጥር አይደለም ማለት ነው።

በውነቱ በጣም አፈርሁ። አምስት ጊዜ የተሳካ ነገር ስድስተኛ ጊዜ ከዳኝ። ዩክሊድ ያለው ሌላ ነበር። የሚገኘው ቁጥር ራሱ ብቸኛ ነው አላለም፤ በውስጡ ቀድሞ ያልቈጠርነው ብቸኛ ቁጥር አለ ነው ያለው። እነሆ 59ኝም 509ኝም ካባዛናቸው ውስጥ አልነበሩም። የክፍል ጓደኞቼ ይህን የምታነቡ ሁሉ በሰሌዳ ላይ ያስረዳኋችሁን እንድታርሙልኝ እለምናለሁ።

እፍረቴን አይቶ ይመስለኛል፣ ወንድሜ ስለ ራሱ መናገር ጀመረ። በቦን የመጀመሪያውን ብርዳም ወራት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ በአንድ ነገር ላይ ሠርቶ ነበር። ነገሩ በሞከረው ሁሉ ላይ እውነት ሆኖ ስላገኘው ማስረጃውን ብቻ ይፈልግ ነበር። አንድ ቀን በከተማው ባቡር ተሳፍሮ ሲሄድ እውነት የማይሆንበት ምሳሌ መጣበት። አንድ ምሳሌ ብቻ፤ ይኸው በቃ። የአምስት ወር ሥራ ፈረሰ። ማውረጃውን አልፎ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ እንደ ተወሰደ ነገረን።

አባቴ ይህን ሲሰሙ መቀሳቸውን አኖሩ። እኔ ሳልወለድ ለአንድ ሹም ካፖርት ሲሰፉ ሁለቱንም እጅጌ ለግራ እጅ ቈርጠው እንደ ነበር ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማን። ጨርቁ ከውጭ አገር የመጣ ስለ ነበረ የሚተካ አልተገኘም።

«የተረፈውን ጨርቅ ምን አደረጉት?» አለ ወንድሜ።

«የልጅ ሰደርያ ወጣው።»

«እኔም ከተበላሸው ውስጥ አንዲት የ11 ገጽ ጽሑፍ አወጣሁ» አለ። ሁለቱም ሳቁ። አባቴ የወንድሜን ሥራ እንደ ሥራ የቈጠሩት ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ይመስለኛል።

ስለ ቦን ከተማ ብዙ ነግሮናል። ቤትሆቨን በ1770 የተወለደባት ከተማ ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ)። ሐውልቱ ከቆመበት አደባባይ አጠገብ ፍሪድሪኽ ሒርትስብሩኽ የተባሉት ሊቅ በ1980 ያቋቋሙት የማክስ ፕላንክ የሒሳብ ተቋም አለ፤ ከዓለም ዙሪያ የሚመጡ የሒሳብ ሰዎች ያርፉበታል። በዩኒቨርሲቲው ከሚያስተምሩት አንዱ ፔተር ሾልትሰ በ2012 ፕሮፌሰር ሲሆኑ ዕድሜያቸው 24 ነበረ፤ በ2018ም የፊልድስ ሜዳልያ ተሸልመዋል። ወንድሜ 33 ዓመቱ ነው። ይህን ለአባቴ ባልነገራቸው ይሻለው ነበር።

የሱ ቢሮ ጠባብ ናት፤ ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ይካፈላታል። ዋናው ዕቃዋ ሰሌዳ ነው። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ተማሪዎችን መልመጃ ያሠራል፤ የቀረው ጊዜ የሱ ነው። እሱ የያዘው ጥያቄ ስለ መጨረሻ አኃዝ ነው ማለት ይቻላል። ከ5 በላይ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መጨረሻቸው 1፣ 3፣ 7 ወይም 9 ነው። እስከ 100 ብትቈጥሩ በ1 የሚያልቁት 5፣ በ3 የሚያልቁት 6፣ በ7 የሚያልቁት 6፣ በ9 የሚያልቁት 5 ናቸው። እየራቁ ሲሄዱ አራቱ ወገኖች እኩል እየሆኑ እንደሚሄዱ በ19ኛው መቶ ዓመት ተረጋግጧል። ምን ያህል ፈጥነው እኩል ይሆናሉ የሚለው ግን ገና ነው። ወንድሜ በዚህ ላይ ቆሞ ይውላል።

ስለ ጠመኔም አንድ ነገር ልጨምር። ሐጎሮሞ የሚባል የጃፓን ጠመኔ አለ። በ2015 ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል በየአገሩ ያሉ የሒሳብ ሊቃውንት ለዓመታት የሚበቃቸውን ገዝተው አከማቹ። በኋላ አንድ የኮርያ ኩባንያ መሥራቱን ቀጠለ። ወንድሜ አንድ ፓኮ ለአባቴ ስጦታ አመጣላቸው። አባቴ በጨርቅ ላይ ሞከሩትና «ወፍራም ነው፤ ለጨርቅ አይሆንም» ብለው ለኔ ሰጡኝ።

ሊመለስ ሲል ስለ ውሉ ጉዳይ ተነሣ። ለካ ሁለት ዓመት የተባለው አንድ ዓመት ኖሯል። ለሚቀጥለው ቦታ የሚያመለክቱት በጥቅምትና በኅዳር ስለ ሆነ፣ የሁለተኛው ዓመት እንደ ጀመረ ሌላ ሥራ መፈለግ ግድ ነው። በዚያን ጊዜ የሚያሳየው ያለፈውን ዓመት ሥራ ብቻ ነው። አንድ የሒሳብ ጽሑፍ ደግሞ ወደ መጽሔት ተልኮ፣ መርማሪዎች መሥመር በመሥመር አይተውት መልስ እስኪመጣ ድረስ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። «ልብሱ ገና ሳይሰፋ ዋጋው ይጠየቃል ማለት ነዋ» አሉ አባቴ። ነገሩን እኔ ካስረዳሁት ይልቅ ይህ ይገልጠዋል።

በመጨረሻው ማታ በራት ላይ ወንድሜ የሁለት ሰዎች ታሪክ ነገረን። አንደኛው ዪታንግ ዣንግ ይባላሉ፤ ቻይናዊ ናቸው። በልጅነታቸው በባህል አብዮት ምክንያት ከትምህርት ተለይተው በእርሻ ሠርተዋል። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1991 ዶክትሬት ቢያገኙም ወንድሜ የያዘውን የመሰለ ቦታ እንኳ የሚሰጣቸው አልተገኘም። ሒሳብ ያዥ ሆኑ፤ በሳንድዊች ቤት ሠሩ። በ1999 በኒው ሃምፕሺር ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ገቡ። በ2013፣ ዕድሜያቸው 60 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ልዩነታቸው ከ70 ሚሊዮን በታች የሆነ የብቸኛ ቁጥር ጥንዶች ማለቂያ እንደሌላቸው አስረዱ። 70 ሚሊዮን ብዙ ነው ትሉ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ግን ምንም ዓይነት ወሰን አልነበረም።

ሁለተኛው እንግሊዛዊው ጄምስ ሜይናርድ ናቸው። በዚያው በ2013 ዶክትሬታቸውን ከኦክስፎርድ ይዘው ለአንድ ዓመት በካናዳ በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ፖስትዶክ ሆኑ። እዚያ ሳሉ በሌላ መንገድ ገብተው ልዩነቱን ወደ 600 አወረዱት፤ ቴሬንስ ታኦም በዚያው ጊዜ ገደማ ለብቻቸው ወደዚሁ ዘዴ ደርሰው ነበር። ቀጥሎ አያሌ ሰዎች በኅብረት ሠርተው በ2014 ወደ 246 አደረሱት። ሜይናርድ በ2022 የፊልድስ ሜዳልያ ተሸለሙ። መንታዎቹ ማለቂያ የላቸውም ለማለት ከ246 ወደ 2 መድረስ ያስፈልጋል።

ወንድሜ ይህን ያመጣው የአንድ ዓመት ቦታ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማስረዳት ነበር። አባቴ ግን የያዙት የመጀመሪያውን ሰው ነው። «ቦታ ሳይሰጣቸው ሠሩት እኮ» አሉ። ወንድሜ መልስ አጣ። እናቴ ሳህን እያነሡ «እንደሳቸው ሳንድዊች ቤት ገብተው እዚያው የቀሩትስ ስንት ናቸው? የነሱን ስም ማን ይነግረናል?» አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ነገር ላይ የተሻለ ንግግር አልሰማሁም።

ወንድሜ ተመልሶ ሄዶ ለ41 ቦታ አመለከተ። የሕይወት ታሪክ፣ የጽሑፎች ዝርዝር፣ ወደ ፊት ሊሠራ የሚያስበው፣ እንዲሁም ሦስት ወይም አራት ሊቃውንት የሚልኩለት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ደብዳቤውን አመልካቹ አያየውም። ሥራውን የሚያውቅለት አንድ ሊቅ ለማግኘት ከአውሮፓ ውጭ ወደ ተደረገ ጉባኤ ሊሄድ ቪዛ ጠይቆ፣ ጉባኤው ካለቀ ከአራት ቀን በኋላ ተፈቀደለት። ከጥር ጀምሮ መልሶች መጡ። አብዛኞቹ ትሑት ደብዳቤዎች ነበሩ፤ መልካም አመልካቾች በመብዛታቸው እናዝናለን የሚሉ። ጭራሽ ያልመለሱም አሉ። እናቴ ስልክ በደወለ ቍጥር «ስንት ቀረ?» ይሉት ነበር። በየካቲት መጨረሻ 3 ቀርተው ነበር።

በፋሲካ ዕለት ከደወለ በኋላ ድምፁ ሌላ ነበረ። በፊንላንድ አገር በቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተሰጥቶታል። በ41 ማመልከቻ አንድ እሺታ። አባቴ ስልኩን ያዙ።

«አባባ፣ ሁለት ዓመት ብዬ ነበር የሄድሁት። ና ካሉኝ እመጣለሁ» አለ ወንድሜ።

አባቴ ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ያች 11 ገጽ መልስ መጣላት?» ብለው ጠየቁ።

«ገና ነው።»

«እንግዲህ ሰው ልብሱን ሳይወስድ ሱቅ አይዘጋም» አሉና ስልኩን ለእናቴ ሰጥተው ወጡ። እናቴ ስለ ፊንላንድ ብርድ ሲጠይቁ እኔ በመስኮት አየሁ። አባቴ በዓል መሆኑን እያወቁ ሱቁን ከፍተው ገቡ። መኪናው ሲሠራ ግን አልተሰማም።

ይህን ከጻፍሁ አይቀር የራሴንም ልናገር። በቤታችን እኔ ሕክምና እንደማጠና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተወሰነ ነገር ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አባቴ ቁልፍ ሲተክሉ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሒሳብ ማጥናት እንደምፈልግ ነገርኋቸው።

እጃቸው ቆመ። «ሕክምና ነበር ያልሽው» አሉ።

«ብዬ ነበር።»

ጥቂት ቆይተው «ያ ቁጥር አሁን ስንት ደረሰ?» ብለው ጠየቁኝ።

«246 ነው፤ አልተነቃነቀም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከ2014 ጀምሮ።»

«ከ2014!» አሉ። «እኔን በሦስት ቀን ይወቅሱኛል።»

ከዚያም መርፌውንና ክሩን ወደኔ ዘረጉልኝ። ክሩን አስገብቼ መለስሁላቸው። እሺም እንቢም አላሉኝም።